ያልተጠጣው ውሃ

ኮምባይነሩ ስንዴውን እያጋበሰ መጣ፣ መጣና ድንገት ቆመ።

ሾፌሩ ከጋቢናው አንገቱን አስግጎ ወደ ታች ሲያይ አንድ ቡናማ ጫማ አየ። መጀመሪያ ሰው የጣለው ጫማ መሰለው። ቀጥሎ ጫማው ውስጥ እግር እንዳለ አየ። ዘሎ ወርዶ ሮጠ፤ ሞተሩን እንኳ አላጠፋውም። ፖሊስ እስኪደርስ ድረስ ያ ትልቅ ማሽን ስንዴው መሀል ቆሞ ባዶውን ሲያጓራ ቆየ።

የሞተው ሚፍታ ነው። የሃሮ ዋሬ ቀበሌ የግብርና ባለሙያ፤ እዚያው ተወልዶ፣ አሰላ ተምሮ፣ ተመልሶ ወደዚያው የተመደበ የሰፈሩ ልጅ።

ሃሮ ዋሬ ከአሰላ ወደ በቆጂ ሲሄዱ ከአስፋልቱ ገንጠል ብላ ከፍ ያለ ቦታ ላይ የተቀመጠች ቀበሌ ናት። በኅዳር ጧት ብርዷ ያንዘፈዝፋል። ኢንስፔክተር ፈይሩዛ ስትደርስ ግን ሰዉ ብርዱንም አጨዳውንም ረስቶ ሬሳውን ከቦ ቆሟል። ዱካ የሚባል ነገር የነበረ እንደሆነ እሱም አብሮ ተረግጧል።

"ዱበት ዴቢኣ! ወደ ኋላ! ራቅ በሉ!"

ተንበረከከች። የራስ ቅሉ ከኋላ በኩል ተሰብሯል። በእንጨት የተመታ አይመስልም፤ ብረት ነው። ስልኩ ኪሱ ውስጥ አለ። የኪስ ቦርሳውም አለ። የሌለው ሞተር ሳይክሉ ብቻ ነው።

"ሞተሩን ፈልገው ነዋ!" አለ ሳጅን ፊሊጶስ። ፊሊጶስ ከሆሳዕና በኩል የመጣ፣ ነገር ቶሎ ጨርሶ ምሳውን በሰላም መብላት የሚወድ፣ ግን ልቡ ንጹሕ የሆነ ረዳቷ ነው።

"ሞተር የሚፈልግ ሌባ ስልክ ትቶ ይሄዳል?"

"ደንግጦ ይሆናላ።"

"የደነገጠ ሰው ሬሳውን ከመንገድ ጎትቶ እዚህ ድረስ ያመጣል? ያውም ስንዴው ሰው የሚደብቅበትን ቦታ መርጦ?"

ፊሊጶስ ዙሪያውን አየ። እውነቷን ነው። የጎረቤቶቹ ማሳ ሁሉ ቀጫጫ ስንዴና ሲናር የሚሉት አረም ነው፤ ድመት እንኳ አይደብቅም። ወፈር፣ ረዘም ያለው ስንዴ ይሄ ብቻ ነው። ምሳው እንደራቀበት ገባው።

ፈይሩዛን ጣቢያው ውስጥ ከኋላዋ "ችኮ" ይሏታል። የአሰላ ልጅ ናት፤ አባቷ ገበያው ዳር ጨርቅ ይሸጡ ነበር። አንዴ የያዘችውን አትለቅም። እንዲህ ያለ ሰው በሌላ አገር ይሾማል ሲባል እንሰማለን፤ እኛ ጋ ቅጽል ስም ይወጣለታል።

የሟቹ እናት ወይዘሮ ዙቤዳ መናገር አልቻሉም። የተናገረው ታናሹ ሰኢድ ነው፤ አሰላ ባጃጅ የሚነዳ፣ ዓይኑ የቀላ፣ እጁን የት እንደሚያሳርፈው ያጣ ወጣት።

"ወንድምህ ጠላት ነበረው?"

"ሚፍታ? እሱ ሲቆጣ ያየ ሰው የለም።"

"በመጨረሻው ሰሞን ከማን ጋር ተጣላ?"

ሰኢድ ወደ እናቱ አየ። እናቱ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"በዘሩ ጉዳይ ነው" አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሰኔ የገበሬዎች ማኅበሩ ምርጥ ዘር አከፋፈለ። ምርጥ ዘር ተባይ እንዳይነካው መድኃኒት ስለሚቀባ መልኩ ቀይ ነው፤ ይህን ሕፃን ያውቀዋል። ገበሬው ቀዩን አይቶ፣ አምኖ ዘራ። የበቀለው ግን ግማሹ ሲናር ሆነ። ሚፍታ ሲመረምር የታደለው ከገበያ ተለቅሞ ቀለም የተነከረ ተራ ስንዴ ሆኖ አገኘው። እውነተኛው ዘር በጭነት መኪና ወጥቶ ለነጋዴ ተሽጧል። ያ ረዥሙ ስንዴ ደግሞ ማኅበሩን አላምንም ብሎ የራሱን ዘር የዘራ የአንድ ችክ ያለ ገበሬ ማሳ ነው።

"ስብሰባ ላይ ተነስቶ ተናገረ" አለ ሰኢድ። "ያልተፈታ አንድ ጆንያ ደብቆ አስቀምጦ ነበር። 'ይህን አዲስ አበባ ወስጄ ካላስመረመርኩ ስሜን ቀይሩት' አለ። የማኅበሩ ሥራ አስኪያጅ ሙዘይን ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ነበር። ሳቀ።"

"ጆንያው አሁን የት ነው?"

"ሞተሩ ላይ ጭኖት ነው ከቤት የወጣው።"

ፈይሩዛ ወደ ፊሊጶስ ዞረች። ማሳው አካባቢ ጆንያ አልተገኘም።

ኮማንደር አሰግድ፣ የጣቢያው አዛዥ፣ ይህን ሁሉ ሲሰማ ብዕሩን እያሽከረከረ ነበር።

"ፈይሩዛ፣ ነገር አታወሳስቢ። ሰውየው ሞተ፣ ሞተሩ ጠፋ። ሞተሩን ፈልጊ፣ ገዳዩን ታገኛለሽ። ስንዴና ሲናር መለየት የእኛ ሥራ አይደለም።"

"ሙዘይንን ልጠይቀው።"

"በአክብሮት ጠይቂው። ትልቅ ሰው ነው።"

ሙዘይን በአክብሮት ተጠየቀ። ሻይ አዝዞላት ጠበቃት።

"ሚፍታ ሲገደል የት ነበርክ?"

"አሰላ፣ ሠርግ ላይ። ያላየኝ ሰው የለም።"

"ስለ ዘሩ ሲናገር ሳቅህ አሉ።"

"ልጅ ነው፤ ምን ላድርግ፣ ላልቅስ? አላህ ይዘንለት። ለተዚያው በሬ የላክሁት እኔ ነኝ፤ ሄደሽ ጠይቂ።"

ጠየቀች። እውነት ነው። በሬው ታርዷል፤ ለቀስተኛው በልቶታል።

ሞተሩ ብዙ ሳይቆይ አቦምሳ ላይ ተገኘ። የያዘው ሸሪፍ የሚባል የከብት ደላላ ነው። "ከጭነት መኪና ረዳት ገዛሁት፤ ስሙን አላውቀውም" ብሎ ይምላል። ሚፍታ በሞተበት ቀን አቦምሳ ገበያ ውሎ ከብት ሲያሻሽጥ ገበያተኛው ሁሉ አይቶታል።

"እሱ አይደለም" አለች ፈይሩዛ።

"ሞተሩ እሱ ጋ ነው የተገኘው" አለ ኮማንደሩ።

"ቀኑን ሙሉ አቦምሳ ነበር፣ ኮማንደር!"

"መኪና የሚባል ነገር አለ፤ ሰው ሄዶ ይመለሳል። ቃሉን ተቀብለሽ ፋይሉን አስረክቢ።"

ሸሪፍ ታሰረ። ሚስቱ ሕፃን አዝላ ከአቦምሳ መጥታ የጣቢያው በር ላይ ተቀመጠች። ፈይሩዛ በገባች በወጣች ቁጥር የሴትየዋን ዓይን ለመሸሽ አንገቷን ትደፋለች። በዚያው ሰሞን የኮማንደሩ አዲሱ ቤት ጣሪያ ተከደነ። ማን እንደከደነለት ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ የሚናገር ግን የለም።

ፈይሩዛ ዩኒፎርሟን አውልቃ፣ ሻሽ አስራ፣ ለተዚያ ወደ ሃሮ ዋሬ ሄደች። ልታጽናና የሄደች ትመስላለች እንጂ የሄደችው ለማየት ነው። ድንኳኑ ጥግ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጠች። ወንዶቹ ወዲያ ማዶ ምንጣፍ ላይ ናቸው። ቁርኣን ይቀራል። ሰኢድ ጆግና ኩባያ ይዞ ለመጣው ሁሉ ውሃ ያድላል።

ኦቦ ዲሪባ ገቡ።

ዲሪባ የሚፍታ ቤት የቅርብ ጎረቤት ናቸው። ከዚያም በላይ የአገር ሽማግሌ ናቸው። በዚያ አካባቢ ደም ፈስሶ ጉማ ሲደረግ፣ ማለት የገዳይና የሟች ወገን ታርቆ ካሣ ሲቆረጥ፣ ከፊት የሚቀመጡት እሳቸው ናቸው። ሰዉ ተነስቶ ቦታ ለቀቀላቸው። አልተቀመጡም። በትራቸውን ተደግፈው ድንኳኑ አፍ ላይ ቆሙ።

ሰኢድ ውሃ አቀረበላቸው። በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ኩባያውን ትንሽ ይዘውት ቆዩና ጎንበስ ብለው እንደሞላ መሬት ላይ አስቀመጡት።

"ጾም ነኝ፣ ልጄ" አሉ።

ማንም ልብ አላለውም። ሽማግሌ ሱና ይጾማል፤ ምኑ ይገርማል?

ፈይሩዛ ግን ስትመለስ ከመንገዱ በታች አየቻቸውና መኪናውን አስቆመች። ከብቶቻቸውን እየነዱ ነው። የሚፍታም ቤት የሚቀዳበት የቀበሌው ቦኖ ቤታቸው አጠገብ ነው፤ እሱን አልፈው ሽቅብ ወደ ጭንጫው፣ ማንም ወደማይቀዳበት ምንጭ ሄዱ። እዚያ ደርሰው ተንበረከኩና በእፍኛቸው ውሃ ጠጡ።

ከመኪናው ወረደች።

"ምን አየሽ፣ ኢንስፔክተር?" አለ ፊሊጶስ።

"ጾመኛ ውሃ ሲጠጣ።"

"እና ይሄ ምን ወንጀል ነው?"

ልጅ ሆና አያቷ የነገሯት ትዝ ብሏታል። ደም ያለበት ቤት ከሟች ቤት አይበላም፣ አይጠጣም። ከአንድ ምንጭ አይቀዳም። ጉማ ወጥቶ ሁለቱ ወገኖች አብረው እስኪቀምሱ ድረስ ሐራም ነው። ይህን የሻረ ሰው ልጆቹ አይተርፉለትም ይባላል። ከዲሪባ በላይ ይህን ሕግ የሚያውቅ በአካባቢው የለም፤ ሌላውን ሲያስጠብቁ የኖሩ ሰው ናቸው። ተዚያውን መቅረት አልቻሉም፣ ጎረቤት ናቸውና ሰው ይጠረጥራል። ገብተው ግን መጠጣት አልቻሉም።

ዲሪባ አንድ ወንድ ልጅ አላቸው። ኢብሳ ይባላል። የማኅበሩ መጋዘን ጥበቃ ነው።

ብቻዋን ሽቅብ ወጣች። ሽማግሌው ሲያዩዋት አልደነገጡም። እንዲያውም ሲጠብቋት የቆዩ ይመስላሉ።

"ኦቦ ዲሪባ፣ ውሃው ለምን አልተጠጣም?"

"ጾም ነኝ አልኩ።"

"አሁን ጠጥተዋል። አይቻለሁ።"

ከብቶቹ ውሃውን ሲስቡ ይሰማል።

"የማን ልጅ ነሽ?"

"የአሰላ ነኝ። አያቴ ግን የዚህ አገር ሰው ናቸው።"

"ኤዬ" አሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ። "ከተሜ ብትሆኚ ኖሮ ባላየሽ።"

"ኢብሳ ነው?"

ሽማግሌው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። የያዛቸው ነገር ሁሉ የለቀቃቸው ያህል ትከሻቸው ወረደ።

"ያን ዕለት ጭጋግ ነበር። ሲገባ ጃኬቱን እሳት ውስጥ ከተተ። ምነው ስለው 'ዘይት ነክቶት ነው' አለኝ። ዘይትና ደም አልለይም? ስንት ዘመን የደም ነገር ስፈታ የኖርኩ ሰው!" ዓይናቸው እንባ ሞላ። "ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ ስሚኝ። ዝም ያልኩት ልጄን ላድን ብዬ ነው። ግን ዝም ብል አይድንም። ሰኢድ አንድ ቀን ይሰማል። ከሰማ ይገድለዋል። ሕግ ከያዘው ግን ይታሰራል። ከእስር ቤት ሰው ይወጣል። በአፉ ካመነ እኔ ጉማውን አወጣለሁ፣ ያለኝን ከብት ሁሉ ሰጥቼ እግራቸው ላይ ወድቄ አስታርቃለሁ። ካላመነ ጉማ የለም። ገባሽ?"

"ገብቶኛል።"

"ወስደሽ ለሕግ ስጪው። ሰው እንዳይገዛው፣ እንዳይሸጠው። ቃል ስጪኝ።"

ፈይሩዛ ያን ጊዜ የኮማንደሩን ጣሪያ ማስታወስ ነበረባት። አላስታወሰችም። የሽማግሌው ፊት ነበር የሚታያት።

"ቃሌ ነው፣ አባባ" አለች።

ኢብሳ ብዙ አላስቸገረም። ጣቢያው ምርመራ ክፍል ውስጥ ሦስቱ ብቻ ናቸው፤ እሱ፣ እሷና ፊሊጶስ።

"ሚፍታን በምን መታኸው?"

"እኔ አልመታሁም።"

"ጃኬትህ የት ሄደ?"

ቀና አለ። "ማን ነገረሽ?"

"አባትህ ከሰኢድ እጅ ውሃ አልጠጣም አሉ።"

ኢብሳ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ከዚያ የታፈነ ውሃ እንደተለቀቀ ሁሉ ተናገረ።

"ላስፈራራው ብቻ ነበር። ጆንያውን ቀምተህ አምጣ ነው ያለኝ ሙዘይን። እውነተኛውን ዘር መኪና ላይ የጫንኩት እኔ ነኝ። 'ነገሩ ከወጣ የምትታሰረው አንተ ነህ' አለኝ። 'እኔ ሰው አለኝ፤ አንተ ማን አለህ?' አለኝ። ጭጋጉ ውስጥ ፊቴን ሸፍኜ አስቆምኩት። ጆንያውን ስይዝ 'ኢብሳ፣ አንተ ነህ እንዴ?' አለኝ። ሳቅ እያለ ነው የጠራኝ። የቀለድኩ መስሎታል። አብረን ነው ያደግነው።"

"ከዚያስ?"

"ፊቱን ሲያዞር መታሁት። ፌሮ ይዤ ነበር።"

"ሞተሩስ?"

"ለሙዘይን የጭነት መኪና ረዳት ሰጠሁት። ገደል ይጨምረዋል ብዬ ነበር፤ ሸጠው። ጆንያውን ሙዘይን ራሱ አቃጠለው።"

ፌሮው ኢብሳ በጠቆመው ጉድጓድ ውስጥ ተገኘ። የሟቹ ፀጉር ተጣብቆበታል። ፊሊጶስ በፌስታል ጠቅልሎ አሸገው። ሸሪፍ ተፈታ፤ ሚስቱ በሩ ላይ እልል አለች። ለዚያች አንድ ቀን ፈይሩዛ ሥራዋን ወደደችው።

"ጎሽ!" አለ ኮማንደር አሰግድ። ተነስቶ ጨበጣት። "አንበሳ ነሽ! ፌሮውን ወደ ኤግዚቢት ክፍል አስገቢ፣ ፋይሉን እኔ ጋ ተዪው።"

"ኢብሳ ዛሬውኑ ፍርድ ቤት ቀርቦ ቃሉን ዳኛ ፊት ማስመዝገብ አለበት። ሙዘይንም መያዝ አለበት።"

"ሁሉም ይደርሳል። ሰኞ።"

ደንቡም እንደዚያ ነው፤ ማስረጃ ለአለቃ ይረከባል። አስረከበች። የሠራችው ስህተት ይሄ ብቻ ነው፤ በደንቡ መሄድ።

ሰኞ መኪናው ነዳጅ የለውም ተባለ። በማግስቱ ኮማንደሩ ስብሰባ ነው ተባለ። በዚህ መሀል ኢብሳ ጋ አንድ ጠበቃ ገባ። ማን እንደቀጠረው አልተነገረም፤ ሙዘይን እንደቀጠረው ግን ለማንም አልተሰወረም። በመጨረሻ ዳኛ ፊት ሲቀርብ ኢብሳ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ ነበር።

"ተደብድቤ ነው ያመንኩት" አለ። ፈይሩዛ ወደተቀመጠችበት አላየም።

ዐቃቤ ሕጉ ፌሮው ይቅረብ አለ። የኤግዚቢት ክፍሉ ተከፈተ። ፌሮው ውሃ በልቶታል። ማን አስገባ፣ ማን አወጣ፣ ቁልፉ የማን ኪስ ውስጥ ነበር፣ ማንም አያውቅም። ኮማንደሩ ዓይኑን በጨው ታጥቦ "ኢንስፔክተር ፈይሩዛ ስለማስገባቷ እርግጠኛ አይደለሁም" ብሎ መሰከረ። ፊሊጶስ እንዲመሰክር ሲፈለግ ከሳምንት በፊት ወደ ሌላ ወረዳ ተዛውሯል። የሙዘይን ስም አንድም ጊዜ ሳይነሳ ችሎቱ አለቀ።

ኢብሳ በማስረጃ እጦት ተለቀቀ።

ኦቦ ዲሪባ ተስፋ አልቆረጡም። ሽማግሌዎቹን ሰበሰቡ። የሁለቱ ወገን ሰዎች ከዋርካው ሥር ወዲህና ወዲያ ሆነው ተቀመጡ። ፈይሩዛም ራቅ ብላ ቆማለች። ሰኢድ እናቱን ደግፎ መጥቷል። ወይዘሮ ዙቤዳ ልጃቸው ቢሞትም ሌላው እንዲሞት አልፈለጉም፤ ለመታረቅ ነው የመጡት።

"ኢብሳ" አሉ አባቱ። "በሽማግሌዎች ፊት፣ በፈጣሪ ፊት ተናገር። የሚፍታን ደም አፍስሰሃል?"

ሙዘይን ከዳር ቆሞ ነበር። ጠበቃው ለኢብሳ ምን እንዳለው በኋላ ታውቋል፦ "አንዲት ቃል ብታምን ፋይሉ እንደገና ይከፈታል፣ ትሰቀላለህ። ከካድክ ግን ሰው አለህ።"

ኢብሳ አባቱን አየ። ሙዘይንን አየ።

"አላፈሰስኩም" አለ።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። የካደን ማስታረቅ አይቻልም። አንድ በአንድ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ ተነሱ። ዲሪባ ብቻ እንደተቀመጡ ቀሩ። ወይዘሮ ዙቤዳ "ልጄ፣ እመን! እመንና ይቅር እንበልህ!" እያሉ ጮኹ። ኢብሳ ሄዷል።

ሰኢድ አልጮኸም። በማግስቱ ወደ ጣቢያ መጣና ፈይሩዛ ጠረጴዛ ፊት ቆመ።

"ፋይሉ ተዘጋ አይደል?"

"ሰኢድ፣ ይግባኝ እንዲጠየቅ እየለመንኩ ነው…"

"እህቴ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ተዘጋ?"

ልትዋሸው አፏን ከፈተች። አልሆነላትም።

"ተዘጋ።"

"እሺ። አንቺ የቻልሽውን አድርገሻል። አላህ ይስጥሽ።"

ጨበጣት። እጁ አይንቀጠቀጥም። ይሄ ነው ያስፈራት። ሮጣ ኮማንደሩ ጋ ገባች። "ኢብሳ ጥበቃ ያስፈልገዋል፣ ሰኢድ ይገድለዋል" አለች። ኮማንደሩ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። "ነፃ የወጣ ሰው በምን ሕግ ይጠበቃል?" አላት። ለዲሪባ ደወለች። ወደ ዘመድ ላኩት አለቻቸው። "ጎበሳ አጎቱ ጋ ይሄዳል። ለስንቅ የሚሆነውን ከገበያ ገዝቶ ይነሳል" አሏት።

በቆጂ፣ በገበያ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ መኪና ተራው ውስጥ ሰኢድ አገኘው። ጎበሳ የሚሄደው ሚኒባስ ሊሞላ ጥቂት ሰው ቀርቶታል። አንድ ጊዜ ብቻ "ኢብሳ!" ብሎ ጠራው። ሲዞር በቢላዋ ወጋው። ፊቱን አይቶ ነው የወጋው፤ ከኋላው አይደለም። ከዚያ ሬሳው አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጦ ስልኩን አወጣ።

"ኢንስፔክተር፣ ነይ" አለ። "እኔ አልክድም።"

ይሄኛው ፋይል ሳይውል ሳያድር ፍርድ አገኘ። ነዳጅ ተገኘ። ቢላዋው ኤግዚቢት ክፍል ውስጥ እንደታሸገ ተገኘ። ምስክሮች ሁሉ በሰዓቱ ቀረቡ። ሰኢድ የቀሩትን የወጣትነት ዓመታቱን የሚበላ ፍርድ ተቀበለ። ወይዘሮ ዙቤዳ ባዶ ቤት ቀሩ። ኮማንደር አሰግድ ለፈጣን ምርመራ ምስጋና ተሰጠው። ሙዘይን ለመጪው ሰኔ ምርጥ ዘር ለማከፋፈል ዝግጅቱን መጨረሱን በስብሰባ ተናገረ፤ ሰዉ አጨበጨበ። ፈይሩዛም እዚያ ነበረች፣ ለጥበቃ። የሚያጨበጭቡት ገበሬዎች ላይ ያ ሲናር ያመጣባቸው ዕዳ እንዳለ ታውቃለች። እነሱም ያውቃሉ።

ይህ ሁሉ ግን በኋላ የሆነ ነው። የኢብሳ ተዚያ ዕለት ሰኢድ ገና ምርመራ ላይ ነበር። ፈይሩዛ እንደዚያኛው ጊዜ ዩኒፎርሟን አውልቃ፣ ሻሽ አስራ ሄደች። አሁን ለማየት አይደለም የሄደችው። ለምን እንደሄደች ለራሷም በደንብ አልገባትም። መቅረት ስላልቻለች ሄደች።

ድንኳኑ ሞልቷል። ሙዘይን ከፊት፣ ከሼኹ አጠገብ ተቀምጧል። ለዚህኛውም በሬ ልኳል። ውሃ ሲቀርብለት ተቀብሎ ጭልጥ አድርጎ ጠጣ። ከንፈሩን በመዳፉ ጠርጎ ኩባያውን እንደገና ዘረጋ። ተቀዳለት። ጠጣ።

ኦቦ ዲሪባ ጆጉን ከቀጂው እጅ ወሰዱ። የሟቹ አባት፣ ያውም ሽማግሌ፣ ራሳቸው ውሃ ሲቀዱ ሰዉ ደነገጠ፤ ግን የሚከለክላቸው አልተገኘም። በእርጅና እርምጃ ድንኳኑን አቋርጠው ፈይሩዛ ወደተቀመጠችበት ጥግ መጡ። ከኩባያው አፍ እስኪደርስ ሞሉና ዘረጉላት።

"ጠጪ፣ ልጄ" አሉ።

ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ የለም። ቁጣ ቢኖርበት ይሻላት ነበር። አንድም ነገር የለበትም።

በሁለት እጇ ተቀበለች። ውሃው ቀዝቃዛ ነው፤ የኩባያው ቅዝቃዜ ጣቷ ድረስ ተሰማት። ያን ሽቅብ ያለውን ምንጭ አሰበች። "ሰው እንዳይገዛው፣ እንዳይሸጠው" ያሉትን አሰበች። የሰጠችውን ቃል አሰበች። ልትጠጣ ወደ አፏ አስጠጋችው።

ጎንበስ ብላ ኩባያውን እንደሞላ መሬት ላይ አስቀመጠችው።

"ጾም ነኝ፣ አባባ" አለች።

ሽማግሌው አዩዋት። ከዚያ ዝቅ ብለው ኩባያውን አነሱ፣ ውሃውን ከድንኳኑ ውጭ አፈሩ ላይ ደፉት፣ እሷን ትተው ወደ ሌላው ለቀስተኛ አለፉ።